ስለ እኔ ሲጠይቁ የነበሩት ሰውዬ

ተጠራጣሪ ነኝ። ጠባዬ ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያዬም ነበር። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ የሂሳብ መርማሪዎች ድርጅት ኦዲተር ሆኜ ስሠራ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው የነገረኝን ባለማመኔ ነው። መጋዘኑ ሙሉ ነው ሲሉኝ ገብቼ ጆንያውን እዳብሳለሁ። ደረሰኙ ጠፋ ሲሉኝ ማን እጅ ላይ እንደጠፋ እጠይቃለሁ። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር» ብሎ የተረተው ሰው ኦዲተር መሆን አለበት እያልኩ አብሬያት ለምኖረው አክስቴ እነግራት ነበር። እሷ አትስቅም።

ሥራው ግን ሰልችቶኝ ነበር። የሌላ ሰው ያለፈ ዓመት ኑሮ ውስጥ እየዞሩ ስህተት መልቀም ይሰለቻል። ሰዉም አይወድሽም፤ ቢሮው ስትገቢ ወሬውን ያቆማል። እኔ ያማረኝ ኢንቨስትመንት ባንክ ነበር። ስሙ ባንክ ይባል እንጂ የሰው ገንዘብ አያስቀምጥም። ኩባንያውን መሸጥ የፈለገን ከሚገዛው ጋር ያገናኛል፣ ዋጋ ያሰላል፣ ያደራድራል፣ ሲዋዋሉ ድርሻውን ይወስዳል። ይህን ሁሉ ኪሊማኒ ባለው ቤታችን ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ለአክስቴ አስረዳኋት። ጨርሳ ሰማችኝና፣

«ደላላ ማለት ነው» አለች።

«እትዬ፣ ደላላ አይደለም።»

«ገዢና ሻጭ የሚያገናኝ ሰው ታዲያ ምን ይባላል? ተምረሽ ተምረሽ ደላላ ልትሆኚ ነው?»

እሷ ደላላ ብትለውም ከሥራ መልስ ሞዴል መሥራት ተማርኩ። ሞዴል የሚሉት አንድ ኩባንያ ወደፊት ምን ያህል ሊያተርፍ እንደሚችል የሚገመትበትን የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው። ቅዳሜ ሳይቀር እሱ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ። ከዚያ ዌስትላንድስ ላለ አንድ አነስተኛ ኢንቨስትመንት ባንክ አመለከትኩ፤ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ።

«ኦዲተር የሚመረምረው የሞተ ሰው ነው» አለኝ ኃላፊው። ኬንያዊ ነው፤ ረጋ ብሎ የሚናገር፣ ሲናገር የእጅ ሰዓቱን የሚነካካ። «እኛ ደግሞ ገና ላልተወለደ ልጅ ነው ስም የምናወጣው። አስተሳሰቡ ይለያያል፣ ሲስተር። ፖሌ።»

ፖሌ አዘንኩልሽ፣ አይዞሽ እንደማለት ነው። እዚህ አገር እግርሽን ሲረግጡሽም፣ ሥራ ሲከለክሉሽም የሚሉሽ ፖሌ ነው። ከወራት በኋላ እንደገና አመለከትኩ፤ እንደገና ፖሌ ተባልኩ። ተስፋ ቆርጬ ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሳላመለክት፣ ኃላፊው ራሱ ደወለ። ለጥቂት ወራት የሙከራ ቅጥር አለ፣ ከዚያ በኋላ እናያለን አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። እኔ ስልኩን ዘጋሁና «ምን ፈልጎ ነው?» አልኩ።

የፈለገውን ገና ሥራ የጀመርኩ ለት አየሁት። አዲሱ ደንበኛቸው አንድ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ናቸው። ኢምባካሲ፣ ወደ ኤርፖርቱ በሚያስወጣው በኩል፣ በርበሬና ሽሮ የሚያስፈጩበትና የሚያሽጉበት ፋብሪካ አላቸው። የውጭ ባለሀብቶች ግማሹን ከእሳቸው ሊገዙ ፈልገዋል፤ የእኛ ባንክ የእሳቸው አደራዳሪ ነው። ሲቪዬን አውጥቼ አየሁት። ሙያዬን ሁሉ ዘርዝሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ ቦታ ስለተረፈኝ ብቻ «አማርኛ» ብዬ ጽፌያለሁ። እነሱ ከታች ወደ ላይ ነው ያነበቡት ማለት ነው። የተጠራሁት ለጭንቅላቴ ነው ወይስ ለምላሴ? ለምላሴ ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ሲዋዋሉ እኔም ፖሌ ልባል ነው።

መመለሻ አልነበረኝም። ኦዲቱን ለቅቄ ወጥቻለሁ፣ ወንበሬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የሥራ ፈቃዴ ከቀጣሪዬ ጋር የታሰረ ነው፤ ቀጣሪ ከሌለኝ ናይሮቢም የለችኝም። ስለዚህ ከሙከራው ማለፍ አለብኝ፣ ማለፍ ያለብኝም በምላሴ ሳይሆን በሥራዬ ነው ብዬ ወሰንኩ።

ሥራዬ የፋብሪካውን እውነተኛ ትርፍ አጥርቶ ማውጣት ነበር። ገዢ የሚከፍለው በትርፉ ልክ ነው፤ የቤተሰብ ንግድ ደግሞ የቤቱንም የፋብሪካውንም ወጪ አንድ ላይ ነው የሚያቦካው። የወንድም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ከፋብሪካው ነው። የአንዷ ምራት መኪና ከፋብሪካው ነው። እነዚህ ተለይተው ሲወጡ ትርፉ ከፍ ይላል፣ ባለቤቱም ይጠቀማሉ። ይህን የማደርገው ለእሳቸው ብዬ ነው። እሳቸው ግን እንደዚያ አላዩትም። በአንዱ ስብሰባ ላይ፣

«ጋሼ፣ ይሄ በሬ የማን ነው?» አልኳቸው። ሁሉም ሰው ጋሼ ነው የሚላቸው።

«የቱ በሬ?»

«በየዓመቱ የሚገዛ በሬ አለ። የፋብሪካው ወጪ ሆኖ ተይዟል።»

«የንግሥ በሬ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የታቦቱ።»

«ታቦቱ ከፋብሪካው ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብዬ ጠየቅሁ፤ በሙያዬ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ኃላፊው ያወራነው ባይገባውም ክፍሉ እንደቀዘቀዘ ገብቶታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሼ እኔ ስገባ ወሬ ያቆሙ ጀመር። እሱን ለምጄዋለሁ፣ ብዙም አልደነቀኝም።

ከዚያ በኋላ ግን ነገሮች መበላሸት ጀመሩ። መጀመሪያ የሕንጻችን ጥበቃ፣ አስካሪው፣ ከሥራ ስመለስ አስቆመኝ።

«ዳዳ፣ አንድ ምዜ ስለ አንቺ ጠየቀኝ» አለኝ፤ ዳዳ እህቴ፣ ምዜ ሽማግሌ ማለት ነው። «ስንት ሰዓት ትገባለች፣ ከማን ጋር ትገባለች፣ ትጠጣለች ወይ፣ አለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«ብቻዋን ነው የምትገባው፣ ሁልጊዜ ላፕቶፕ ይዛ፣ አልኩት።» ሲናገር ያዘነልኝ መሰለኝ።

ቀጥሎ ድሮ የምሠራበት ድርጅት ያለች እንግዳ ተቀባይ ደወለችልኝ። አንድ ትልቅ ሰው ቢሮ ድረስ መጥተው ስለ ጠባዬ ጠይቀዋታል። ቁጡ ናት ወይ? ምስጢር ታወጣለች ወይ? ከሰው ጋር ተጣልታ ታውቃለች ወይ? እንግዳ ተቀባይዋ ስቃለች፤ እኔ አልሳቅሁም። ባንኩ በስውር እያስጠናኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ደግሞ የኢሚግሬሽን ሰው ቢሆንስ? ወይስ ከጎኔ የሚቀመጠው ልጅ? ከእኔ በፊት የተቀጠረ ነው፣ የጋሼ ፋይል ለእኔ ስለተሰጠ ቅር ያለው ይመስለኛል። ምሳ ሲጋብዘኝ መቀበል አቆምኩ። ስክሪኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

እቤትም ሰላም አልነበረም። አክስቴ ድንገት ጥሩ ሰው ሆነች። መጋረጃ ቀየረች። ጸጉርሽን ተሠሪ ብላ ገንዘብ ሰጠችኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነጠላዬን በገዛ እጇ አስተካክላ፣ ራቅ ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። አክስቴ ያለ ምክንያት ፈገግ የምትል ሴት አይደለችም። ታማ ይሆን? ቤቱን ልትለቅ ይሆን? ስጠይቃት «ምነው፣ ሰው ደስ አይበለው?» ትላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን እየጠረጠርኩም የምመነጠር መሰለኝ። ከየት በኩል እንደሆነ ብቻ ነው ያጣሁት።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። በሩን ዘጋ። ሰዓቱን ነካካ።

«ይሄ የሽያጭ ዲል ረጅም ነው» አለኝ። «ከተፈረመ በኋላም ገና ብዙ አለው። ሰው መሀል ላይ እንዲወጣብኝ አልፈልግም። የምትነግሪኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ሹር ነሽ? እቅድሽ ምንድነው?»

«እዚህ መሥራት ነዋ።»

ተነፈሰና ወንበሩ ላይ ደገፍ አለ። «ደንበኛው፣ ልጅቷ ልትሄድ ነው አለኝ» አለ። «ሌላ ሰው መድብልኝ፣ እሷ በቅርቡ ሥራ ትተዋለች አለ። ከየት እንደሰማ አላውቅም፣ የግል ጉዳይሽን ልጠይቅሽም አልችልም። ግን እሱ ካላመነሽ እኔ ቋሚ ላደርግሽ ይከብደኛል። ፖሌ።»

ሰማይ ተደፋብኝ። ጋሼ ከየት አመጡት? ለማን ተናግሬ? ሥራ እተዋለሁ ብዬ በሕልሜም ተናግሬ አላውቅም። ወደ ቤት በሚወስደኝ ሚኒባስ፣ ማታቱው ውስጥ ተቀምጬ የማውቀውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ከሰስኩት። ቤት ስደርስ አክስቴ አዲስ ያመጣችውን ቀሚስ ሶፋው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«ለካኪው እስቲ።»

«እትዬ፣ አሁን አይደለም። ሥራዬን ላጣ ነው።»

«እንኳን!» አለች። ከአፏ አምልጧት ነው፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

እዚያው ቆሜ አፈጠጥኩባት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ስለ እኔ የሚወራውን ሁሉም ሰምቶ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ምን አድርገሻል?»

«ምንም። ሰው እየጠየቀሽ ነው» አለች፣ ዓይኗ እያበራ። «አንድ የተከበሩ ሰው መጥተው ነበር። እዚህ፣ ይሄ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቷ ማን ነው አሉ፣ ነገርኳቸው። አገሯስ? ነገርኳቸው። ጠባይዋስ? መቃብር ናት፣ የነገሯትን አታወጣም አልኩ። ላንቺ ልነግርሽ ነበር፣ አማላጅ እስኪልኩ ዝም ልበል ብዬ ነው።»

«ስለ ሥራዬ ጠይቀውሻል?»

«አዎን፣ ትቀጥላለች ወይ አሉ። ምን ልበል? ሥራ የምትወድ ሴት ቤት አታሞቅም እንዳይሉ፣ ሥራውማ እስኪሆን ድረስ ነው፣ አንድ ነገሯ ሲስተካከል ትተወዋለች፣ አልኳቸው።»

«በምንድነው የመጡት?»

«በነጭ ፒክአፕ። በመስኮት ሸኘኋቸው። በሩ ላይ በርበሬ ተሥሎበታል።»

ቁጭ አልኩ። መሳቅም መጮህም አማረኝ። እኛ ባንክ ውስጥ አንድ ኩባንያ ከመገዛቱ በፊት እያንዳንዱን ነገር እናጣራለን፤ ጠበቃ፣ ኦዲተር፣ መሐንዲስ እንልካለን። ጋሼ ደግሞ የቤታቸውን ጓዳ ከፍታ በሬ የምትቆጥር ልጅ ስትመጣባቸው፣ ሰው እንደሚያደርገው አድርገዋል። ሽማግሌ ልከው ዘሬንና ጠባዬን አስጠይቀዋል። አክስቴም ሰው እንደሚያደርገው አድርጋለች። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታውቀው፤ ለእሱም የሚሆነውን መልስ ሰጥታለች።

ሁሉንም ነገርኳት። አላመነችኝም።

«ለበርበሬ ፋብሪካ ነው እንዴ የአባት ስም የሚጠየቀው?»

«እትዬ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን። ያልሽውን ታነሺልኛለሽ።»

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አዲሱን ቀሚስ እኔ እምቢ ስል እሷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሽቶ ተቀብታ ተነሣች። ታክሲ ውስጥ እስከ ኢምባካሲ ድረስ መስታወቷን ታያለች። ገና ተስፋ እንዳልቆረጠች ገባኝና ልቤ ተነካ፤ ተናደድኩባትም።

የጋሼ ቢሮ ከመጋዘኑ በላይ ነው። የበርበሬው ሽታ ደረጃው ላይ ያስነጥሳል። ጋሼ ሲያዩን ተነሥተው አክስቴን በሁለት እጃቸው ጨበጧት፣ ወንበር ሳቡላት። ጥግ ላይ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አክስቴ አየቻቸውና ጎንበስ አለች። ስለ እኔ ሲጠይቁ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ የጋሼ ሚስት ወንድም።

«ጌታዬ» አለች አክስቴ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ። «ለእኚህ ሰው የነገርኳቸው ትክክል አይደለም።»

«የቱ ነው ትክክል ያልሆነው፣ እመቤቴ?»

ወደ እኔ ዞር አለች። ከዚያ ጀመረች።

«ይቺ ልጅ ሥራ አትተውም። ባል ቢመጣም አትተውም፣ ንጉሥ ቢመጣም አትተውም። ወጥ አታውቅም፤ ሽንኩርት አስጥጄያት ኮምፒውተሯ ጋ ሄዳ ቤቱ ሊቃጠል ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብላ ክፍሏ ትገባለች። ከገበያ ስመለስ በስንት ገዛሽው ትለኛለች፣ እኔን አክስቷን አታምነኝም። ማንንም አታምንም። አምና እናቷ ታማ አዲስ አበባ ሄዳ፣ ከእናቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ ያንን ኮምፒውተር ስትቀጠቅጥ ነበር። እናቷ ነግራኛለች። ይቺን የሚችል ባል የለም። ሥራ ብቻ ነው የሚችላት።»

ከእናቴ ጋር ስለዚያ ተነጋግረን አናውቅም ነበር፤ ያየችኝም አልመሰለኝም። አክስቴ ይህን ሁሉ የምታወጣው እኔን ለማዳን ነው፣ ወይስ ሰበብ አግኝታ ለዓመታት የታመቀውን እየተነፈሰች? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከፊሉን ስትናገር ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በርበሬው ይሁን ሌላ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይበቃል፣ እመቤቴ» አሉ ጋሼ። «እኔ እኮ ለክፋት አልነበረም። ዕድሜ ልኬን የሠራሁትን ቤት ለማላውቀው ሰው ግማሹን ልሰጥ ነው። መሀል የምትቀመጠዋን ልጅ ማንነት ማወቅ ነበረብኝ። ነገ ትዳር ይዛ ብትሄድ፣ የቤቴን ጓዳ ይዛ ነው የምትሄደው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ በሬውን ምን አደረግሽው?»

«ከፋብሪካው ወጪ አውጥቼዋለሁ፣ ጋሼ። ትርፉ ይጨምርልዎታል። በሬውን ከእርስዎ ድርሻ ይገዛሉ።»

«ታቦቱ አይቀርበትም?»

«አይቀርበትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰኞ እደውላለሁ አሉ። ልንወጣ ስንል አክስቴ በር ላይ ቆመች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተሰብ ፎቶ እያየች፣ «ወንዶች ልጆች አሉዎት?» አለች።

«አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ጋሼ። «ሁሉም አግብተዋል።»

ታክሲው ውስጥ አክስቴ መስታወቷን አላወጣችም። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል፣ ወደ ውጭ እያየች፣ «ለእናትሽ ነግሬያት ነበር» አለች። «በጣም ነው ደስ ያላት።»

ሰኞ ከምሳ በፊት ኃላፊው ጠራኝና ቋሚ ቅጥርሽ ጸድቋል አለኝ። እጄን ጨበጠ። ለወራት የጓጓሁለት ነገር ነው፤ ግን አመሰግናለሁ ከማለቴ በፊት «ለምንድነው?» አልኩት።

«ደንበኛው ደወለ። ያለ እሷ ስብሰባ አልገባም አለ።»

«ሥራዬስ?»

«ሥራሽ ጥሩ ነው» አለ፣ ስልኩን እያየ። «ግን እዚህ ቤት በኤክሴል ብቻ የገባ ሰው የለም። እኔም አልገባሁም።»

እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣ ፊቱን ባየውም አልለይ አለኝ። ፈረምኩ። ወጥቼ የሕንጻው ደረጃ ላይ ቆምኩና ለእናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ቋሚ ሆንኩ! ሥራውን አገኘሁት!»

«አክስትሽ ደውላልኝ ነበር» አለች። «ሰውዬው ለሌላ ጉዳይ ነው አሉ የመጡት።»

«አዎን፣ ለሥራ ነው። ግን ያ ስመኘው የነበረው ሥራ እኮ ነው፣ እማዬ። አሁን የኔ ሆነ።»

«ሥራማ ነበረሽ፣ ልጄ።»

ይሄኛው ሌላ ነው፣ ስንት ጊዜ በሩን ዘግተውብኝ የገባሁበት ነው ልላት ፈለግሁ። እግሯ ሥር ሆኜ ስሠራ ታየኝ እንደነበር አውቄ ግን እንዴት ብዬ ልጀምረው?

«ደስ ይበልሽ እንጂ» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል» አለች እናቴ።

አላመንኳትም።